በሦስተኛው ድራይቭ ላይ የነበረው ለቅሶ

ነገር ቶሎ የሚቀፈኝ ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ የሰው ጥርስ ማጽዳት ነው። ማሪዬታ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ቀኑን ሙሉ በሰው አፍ ላይ አጎንብሼ፣ ዓመት ሙሉ የተጋገረ ነገር ስፍቅ፣ ደምና ምራቅ ስጠርግ እውላለሁ፤ ከዚያ ጓንቴን አውልቄ ምሳዬን በደንብ እበላለሁ። ሰው አፉን ከፍቶ የሚያሳየኝ ነገር አስጠልቶኝ አያውቅም። ሰው ነው፤ ይቆሽሻል፣ ይጸዳል። ያስጠላኝ የነበረው ቤት ያለው ኮምፒውተሬ ነው።

ኮምፒውተሩ የመዝሙር ሥራ የምሠራበት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ኳየሩ አዲስ መዝሙር ሲያወጣ ደግሞ ከልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀድቼ የማቀናብረው እኔ ነኝ። ድሮ መዝሙሩ ውስጥ ቫዮሊን እንዲገባ ከተፈለገ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው መለመን ነበር። አሁን ሰውዬው አንድ ጊዜ ተቀምጦ እያንዳንዷን ድምፅ ይጫወታል፤ ድምፆቹ አንድ በአንድ ተቀድተው፣ ተቆርጠው፣ ታሽገው ይሸጣሉ። ላይብረሪ ይባላል። ኪቦርዱ ላይ ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ያ የማላውቀው ሰው ይጫወትልኛል። መጀመሪያ ላይ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ችግሩ ማደሪያቸው ነው። አንድ ፒያኖ ብቻውን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ፎቶ የሚይዘውን ቦታ ይበላል። ኢንስቶል የሚያደርገው ፕሮግራም «የት ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ከውጭ የተሰካውን ማከማቻ ድራይቭ አሳየዋለሁ፤ እሺ ብሎ ሲያበቃ ግማሹን እዚያ፣ ግማሹን እኔ በማላየው የኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያፈሰዋል። ሌላው ከነጭራሹ አይጠይቅም። ሌላው ደግሞ ድምፆቹን ከነበሩበት ካዛወርኩበት ጠፉብኝ ብሎ እንደገና ያወርዳቸዋል፣ አሮጌዎቹንም አያነሳም። በዚህ ሁኔታ አንድ ድራይቭ ገዛሁ፤ ሞላ። ሁለተኛ ገዛሁ፤ ሞላ። ሦስተኛውን ስሰካ ሆስፒታል የሚሠራው ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ገመዶቹን አየና፣ «ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ አይሲዩ የገባ ሰው?» አለኝ።

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ የጸደዩ የጥድ ብናኝ መኪናውንም በረንዳውንም የልጆቹን ብስክሌትም ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኳየሩ የሚጠብቀውን መዝሙር ልጨርስ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም፣ አልቀዳም አለ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ወደ ሶከር ሄዷል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዛሬ አጸዳዋለሁ አልኩ።

የተደበቁትን ፎልደሮች እየፈለግኩ ከፈትኩ። ነገሩ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍቶ ቧንቧው ለወራት ሲያፈስ እንደኖረ ማወቅ ማለት ነው። አንዱ ፒያኖ ሁለት ቦታ ተኝቷል። ድሮ ያጠፋሁት የከበሮ ፕሮግራም ከበሮዎቹን እንዳሉ ትቶልኝ ሄዷል። የደወል ድምፅ፣ የመስታወት ጠርዝ በጣት ሲታሽ የሚያወጣው ድምፅ፣ የሰንሰለት ድምፅ፣ ማን እንደጠራው የማላውቀው ሁሉ ተከማችቷል። አንዳንዱን ስከፍት በውስጡ ሌላ ፎልደር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ አለ፤ መጨረሻው ላይ የሚገኘው እንደገና ያው ፒያኖ ነው። እየተጸየፍኩ አጠፋሁ፤ የሚጠቅመውን ሁሉ ወደ ሦስተኛው ድራይቭ አዛወርኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ተነፈሰ፣ እኔም ተነፈስኩ፣ መዝሙሩን ከፈትኩት።

መዝሙሩ መካከል ላይ ዘማሪዎቹ ዝም ብለው ጸሎት የሚገባበት ቦታ አለ፤ ከሥሩ እንደ ጭጋግ የሚዘረጋ ድምፅ አስገብቼበት ነበር። ድምፁ የለም። በእሱ ፋንታ ፕሮግራሙ፣ የዚህ ላይብረሪ ፋይሎች ጠፍተውብኛል፣ የት እንዳሉ አሳዪኝ የሚል ጽሑፍ አወጣልኝ።

ያንን ላይብረሪ የሰጠኝ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የአንደኛው ልጅ ነው። እዚሁ ውጭ አገር ያደገ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ከተማ ውስጥ ጥሩ ሥራ ያለው፣ በትርፍ ጊዜው ለፊልምና ለማስታወቂያ ሙዚቃ የሚሠራ ልጅ። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የቤተ ክርስቲያኑን የድምፅ ዕቃ የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ማይክ ሲጮህ ሁላችንም ዞረን የምናየው እሱን ነው። አንድ ሰሞን፣ በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንን ጸሎትና መዝሙር ልቅዳ፣ ለልጆቻችን ቅርስ ይሆናል ብሎ ለሽማግሌዎቹ ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም ባረኩት። የሰንበት ትምህርት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ማይኩን ተከለ፣ እናቶቹ አንድ በአንድ ገቡ። ቅርሱን ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ስጠይቀው «ኤዲት እያደረግኩት ነው» ይለኛል። በገና ሰሞን ደግሞ ይህን ላይብረሪ ላከልኝ። ስሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ «የእናቶች ጸሎት» እንደማለት። «አዲስ ነው፣ ለቸርች ይሆንሻል፣ ጊፍት ነው» ብሎ ጽፎልኝ አመሰገንኩት።

ፎልደሩን አዲሱ ድራይቭ ላይ አገኘሁት። ትክክለኛው መሆኑን ለማረጋገጥ ውስጡን አየሁ። ሌሎቹ ላይብረሪዎች ፋይሎቻቸውን ስለሚቆልፉ ከፕሮግራሙ ውጭ አይሰሙም፤ የዚህኛው ክፍት ነበር። እያንዳንዱ ፋይል ስም አለው። ትንፋሽ አንድ። ትንፋሽ ሁለት። ማንጎራጎር። ለቅሶ፣ ለስላሳ። ለቅሶ፣ መካከለኛ። ለቅሶ፣ ጠንካራ። ሳላስብ አንዱን ነካሁት።

ክፍሌ ውስጥ አንዲት አሮጊት አለቀሱ።

መዝሙሩ ውስጥ ድምፁ ተለጥጦ፣ ወፍሮ፣ በገደል ማሚቶ ተሸፍኖ ስለነበር የማሽን ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። እዚህ ግን ራቁቱን ነው። ከለቅሶው በፊት ጉሮሮ ውስጥ የምትያዝ አንዲት ትንሽ «እህ» አለች። ያቺን «እህ» አውቃታለሁ። በየእሑዱ መኪናዬ ውስጥ፣ ከጎኔ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ ሲሉ እሰማታለሁ።

እማማ እንላቸዋለን። ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርት ከምትሠራ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልጅቷ እሑድም ሥራ ስለምትገባ እማማ ብቻቸውን ባቡር ይይዙና ከተማውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጠው መጨረሻው ጣቢያ፣ ዶራቪል ይወርዳሉ፤ ከዚያ የማነሳቸው እኔ ነኝ። ለፓስተሩ የማይነገር ነገር ለእሳቸው ይነገራል። ባሏ የሚጠጣባት፣ ልጇ የኮበለለባት፣ ወረቀቱ የተበላሸበት፣ ሐኪም ያስደነገጠው ሁሉ ቀስ ብሎ አጠገባቸው ይቀመጣል። ሰምተው ለሌላ ሰው ሲያወሩ የሰማቸው የለም። ነገሩን ይዘው ጌታ ፊት ይቀርባሉ፣ ያለቅሱበታል፣ በዚያው ያልቃል።

ፎልደሩን ለፕሮግራሙ አሳየሁትና ኪቦርዱን በአንድ ጣት ነካሁ። ቀስ ብዬ ስነካ ቀስ ብለው አለቀሱ። ጠንከር ሳደርግ አምርረው አለቀሱ። ያንኑ ቁልፍ ስደግም ለቅሶው ትንሽ ተለወጠ፤ ማሽን እንዳይመስል ለአንዱ ቁልፍ ብዙ ለቅሶ ተዘጋጅቶለታል። ወደ ላይ ስሄድ ሕፃን ሆኑ። ወደ ታች ስወርድ ወንድ ሆኑ። አንድ ሰው ተቀምጦ ይህን ሁሉ እያየ፣ ይሄ ለስላሳ ነው፣ ይሄ መካከለኛ ነው፣ ይሄ ጠንካራ ነው እያለ ለይቷል። እኔም በበኩሌ ለሳምንታት፣ ትንሽ ይሙቅ፣ ትንሽ ይራቅ እያልኩ ሳስተካክለው ከርሜያለሁ፤ እማማም በኳየሩ ልምምድ ላይ መጥተው ሰምተውት «ደስ የሚል ነገር ነው» ብለውኛል።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ወደ ውጭ ወጣሁ። ጎረቤቴ ሣር እያጨደ እጁን አነሳልኝ፤ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ከዚያ ለልጁ ደወልኩ።

«ሄይ፣ እንዴት ነሽ?»

«የሰጠኸኝ ላይብረሪ ውስጥ ያሉት እማማ ናቸው?»

ሳቀ። የደስታ ሳቅ ነው። «ፋይናሊ አወቅሽው። ማንም አላወቀም እኮ። ድምፅዋ ክሬዚ ነው፣ አይደል?»

«ድምፃቸው በል።»

«ሶሪ፣ ድምፃቸው። ላይክ፣ ማይኩ ፊት ስትቀመጥ ወዲያው ነው ያወቅኩት።»

«ለቤተ ክርስቲያን ቅርስ ነው ብለህ ነው የቀዳሃቸው።»

«ይሄም ቅርስ ነው። ለአንድ ትንሽ ካምፓኒ ሰጠሁት፣ እነሱ አፕሎድ አደረጉት። ፊልም የሚሠሩ ሰዎች በጣም ይወዱታል። ሰው ሁሉ እየሰማት ነው።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«ለሙዚቃ ይሆናል ብያታለሁ። እሺ ብላለች።»

«ለቅሷቸውን ቆርጠህ እንደምትሸጠው ነግረሃቸዋል?»

«ሊስን፣ እንደዚያ ስትዪው መጥፎ ይመስላል። ቃል እኮ የለበትም። ማን እንደሆነች ማንም አያውቅም። ጀስት ቴክስቸር ነው።»

ቴክስቸር የሚሉት የጨርቅን ልስላሴና ሻካራነት ነው። እሳቸውን ጨርቅ አደረጋቸው። ከመሸጡም በላይ ያንገሸገሸኝ ድምፁ ነው፤ ጥሩ ዕቃ በርካሽ ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። ሊያስቀይመኝ እንኳ አልፈለገም። የሚደበቅ ነገር እንዳለ ባያውቅ ነው በስጦታ የላከልኝ።

በማግስቱ ጠዋት እማማን ከጣቢያው ሳነሳ ልነግራቸው አልቻልኩም። ከአምልኮ ፕሮግራሙ በኋላ ስመልሳቸው ግን ወደ ባቡሩ መታጠፌን ትቼ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካሉት ግሮሰሪዎች አንዱ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ። ሰዎች ጎመንና ሩዝ የሞላ ጋሪ እየገፉ ያልፋሉ።

«ምን ልትገዢ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልገዛም። የማሰማዎት ነገር አለ።»

ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን አንዱን ለቅሶ ከፈትኩላቸው። አንድ ጊዜ ሰሙ። በዓይናቸው ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት።

«ይሄ እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ እማማ።» የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እንዳይሰለቻቸው ብዬ ላሳጥረው ስል «ቀስ ብለሽ» አሉኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ለቅሶው አልነበረም።

«ቃሉስ? የተናገርኩትም አለበት?»

«የለበትም። ቃሉን ሁሉ ቆርጦ አውጥቶታል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ይመስገን» አሉ። «የሰው አደራ ነበረበት።» ዓይናቸውን ገለጡ። «እና አሁን የት ነው ያለው ለቅሶዬ? የት ይቀመጣል?»

«ኮምፒውተር ውስጥ። ወይም ከኮምፒውተሩ የምትሰካ እንደ ሳሙና ያለች ዕቃ አለች፣ በእሷ ውስጥ።»

«በእሱ ቤት?»

«በገዛው ሰው ሁሉ ቤት።»

«ስንት ሰው ነው?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ከፊታችን አለፈች፤ ራቅ እስክትል ድረስ አዩዋት። «እንግዲህ በማላውቀው ሰው ቤት ተቀምጬ አለቅሳለሁ ማለት ነው» አሉ። «ሲፈልጉ ይጫኑኛል፣ አለቅሳለሁ።»

መኪናውን አስነሳሁ። ወደ ጣቢያው ስንመለስ ልጁን ላናግረው እፈልጋለሁ አሉኝ። አባቱ እንዳይሰማ፣ እናቱም እንዳትሰማ። «አንቺ ግን አብረሽን ሁኚ። አማርኛው አንዳንዴ ይጠፋበታል።»

በሚቀጥለው እሑድ ከፕሮግራሙ በኋላ ያው የሰንበት ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ብርድ ልብሶቹ ተነስተዋል፤ ግድግዳው ላይ ልጆች በከለር የሳሉት የኖኅ መርከብ ተለጥፏል። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሷል። እሳቸው አንዷን ትልቅ ወንበር ያዙ።

«ድምፄን ሰማሁት» አሉት።

«ሶሪ፣ እማማ። እኔ ሪስፔክት መስሎኝ ነው። በጣም የሚያምር ነገር ስለሆነ...»

«እሱን ተወው። አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ። ቃሉ የት ሄደ?»

«የቱ ቃል?»

«ከለቅሶው በፊትና በኋላ የተናገርኩት። ጸሎቱ።»

«ዲሊት አደረግኩት።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አጠፋው» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ድራይቩ ሞልቶ ነበር» አለ። «ለላይብረሪ ቃል አያስፈልግም፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቃሉ ደግሞ ረጅም ነበር፣ ቦታ ይይዛል።»

«ከማጥፋትህ በፊት ሰምተኸዋል?»

«ሁሉንም አልሰማሁትም። ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ላይክ እንደ ተራራ። ለቅሶው ጋ ከፍ ይላል። እያየሁ ነው የምቆርጠው።»

«ስምህን አልሰማህም?»

ልጁ እኔን አየኝ፤ አማርኛው የጠፋበት መስሎት ነው። አልተረጎምኩለትም፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረውም።

«የኔን ስም?» አለ።

«ስንት ጊዜ እንደጠራሁት እኔም አላውቅም። ስለ አንተ አንድ ሰው በአደራ የነገረኝ ነገር ነበር። ያን ቀን ደግሞ አንተው ፊቴ ተቀምጠሃል። ጆሮህ ላይ ያንን ትልቅ ነገር አድርገህ ዓይኔን እያየህ ራስህን ትነቀንቃለህ። ሰምቶኝ ነው፣ ገብቶት ነው፣ ጌታ እየነካው ነው ብዬ አምርሬ አለቀስኩ።»

ከውጭ ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማል።

«ምን ነበር ያልሽው?» አለ፤ ወዲያው «ያሉት» ብሎ አረመ።

«ለአንተ አልነበረም የምነግረው።»

ራሱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ማልቀሱን አወቅኩ። በዚያች ሰዓት በልቤ ያለፈው ነገር እስከ ዛሬ ያስጠላኛል። ለስላሳ፣ አልኩ። ለስላሳ ለቅሶ። ያ ፎልደር ድራይቩ ላይ ብቻ ሳይሆን እኔም ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

እማማ እጃቸውን ዘረጉለት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «ከዚያ ቦታ አውጣኝ።»

እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፤ አውጣኝ ላሉት «እሺ» አለ፣ ደግሞ «እሺ» አለ፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቃቸውም።

ያን ቀን ወደ ባቡር ጣቢያው አልወሰድኳቸውም፤ እስከ ኢስት ፖይንት ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጃቸው የሥራ ሰዓት፣ ስለ እግራቸው እብጠት ነበር የምናወራው። ቤት ስንገባ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ወደ ኪችን ሄደው እጃቸውን ይታጠቡ ጀመር። የሳህን ሳሙናውን ጨምቀው እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ አለቀለቁ፤ እንደገና ሳሙና ጨመቁ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «ከልቤ ነው። ግን ቀፎኛል፣ ልጄ።»

«ይቀፋል እንጂ እማማ። እኔም ሳየው...»

«እሱ አይደለም የቀፈፈኝ።» ውሃውን ዘጉት። «ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ ልጸልይ ስንበረከክ የራሴን ድምፅ እሰማዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን አፌን ስከፍት አስቀድሞ እሱ ይመጣል። እንዴት ሆኜ እንደማለቅስ ሳዳምጥ እገኛለሁ። ይሄ ነው የቀፈፈኝ።»

ፎጣ አቀበልኳቸው።

ልጁ ቃሉን ጠበቀ። ለካምፓኒው ጻፈ፣ ደጋግሞ ጻፈ፤ በመጨረሻ ላይብረሪው ከሚሸጥበት ገጽ ላይ ተነሳ፤ መነሳቱን የሚያሳይ ፎቶም ላከልኝ። የገዙት ሰዎች ግን ይዘውታል። ከሰው ድራይቭ ላይ ማንም አያነሳውም፤ ፊልሙ ውስጥ የገባም ካለ ገብቷል።

እኔም የራሴን አጠፋሁ። አንድ ጊዜ አጥፍቶ መገላገል የሚቻል መስሎኝ ነበር። ከሦስተኛው ድራይቭ ሳነሳው ያላስተዋልኩት አንድ ቅጂ በሁለተኛው ላይ ተገኘ፤ ሁለተኛውን ሳጸዳ ግማሹ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተሸጉጦ አገኘሁት። ይሄ ሁሉ የሆነው የፕሮግራሙ ልማድ እንጂ የማንም ክፋት አይደለም፤ ይህን ማወቄ ግን ጥላቻዬን አልቀነሰውም። በየቦታው ሳገኘው እሳቸውን እንደገና ያገኘሁ ያህል እደነግጥ ነበር፤ ማጥፊያውን ስጫን ደግሞ እሳቸውን የማጠፋ ይመስለኝ ነበር። ስልኬ ላይ የነበረውንም ጨምሬ አንድ በአንድ አጥፍቼ ጨረስኩት።

መዝሙሩ ውስጥ የጸሎቱ ቦታ ባዶ ቀረ። የኳየሩ መሪ ሰምቶ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ጎድሏል» አለኝ። ይጉደል አልኩት። ሲወጣ እንደዚያው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን ላይብረሪዎች እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም። አንዷን ቫዮሊን ብቻዋን ሳዳምጥ ድምፁ አልቆ ጸጥ ሊል ሲል ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ከዚያ አንድ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፣ የድካም ትንፋሽ ይተነፍሳል። ምናልባት ተነግሮት፣ ተከፍሎት፣ ደስ ብሎት የተጫወተ ሰው ነው። ሊሆን ይችላል። ግን አላውቅም፤ አለማወቄ ልብስ ላይ እንደተጣበቀ የጥድ ሙጫ አልለቅ ብሎኛል። ቢሆንም እጠቀምበታለሁ፤ ኳየሩ ቫዮሊን ይፈልጋል፣ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ደግሞ የለንም።

ልጁ አሁንም ማይክ ሲጮህ እየሮጠ ይመጣል። ሰላም ይለኛል፣ ሰላም እለዋለሁ፤ እጁን ስጨብጥ ግን ቶሎ ነው የምለቀው። እናቱ አጠገቡ ቆማ «ይሄ ልጅ ምን አድርጎሽ ነው?» ብላ አንድ ቀን በሳቅ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። እማማ ምንም ካላሉ እኔ ምን እላለሁ።

እሳቸው ግን አልቀሩም። በየእሑዱ ባቡሩን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰውም እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አጠገባቸው ይቀመጣል። ወደ ፊት ወጥተው እንዲጸልዩ ሲጠሩ ብቻ፣ ከኪቦርዱ አጠገብ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ማይኩን በአገጫቸው እያሳዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠፍቷል?» ይሉኛል።

«ጠፍቷል፣ እማማ» እላቸዋለሁ።

ቃሌ እንደማይበቃቸው አውቃለሁ። የማይኩን ገመድ ከሶኬቱ ነቅዬ ጫፉን አነሳና አሳያቸዋለሁ። አይተውት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ይጀምራሉ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው አይሰማቸውም።